ሐኪሙን ያላመኑት ሞራ ገላጭ

አያ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከመካነ ሰላም ገብስ ጭኖ መግባቱ ነበር። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ ሳይል፣ ከመሪው ላይ እንደተቀመጠ፣ "የሻረግ፣ እኒያ ኮርቻ ሰሪ ሞቱ እኮ፤ ሐሙስ ተቀበሩ" አለኝና ሞተሩን አጠፋ። በአገራችን መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይመክራል፣ ሐዘንተኛው እህል ቀምሶ እንዲያድር ይደረጋል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላውን ሰው ሞት በለስላሳ ቃል ሲጠቀልሉ የኖሩት ሰው፣ የራሳቸው ሞት እንደ ገብስ ዋጋ በመኪና መስኮት ተነገረ። መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ወረደና "አባትሽ ናቸው እንዴ?" አለኝ። አባቴ አልነበሩም። የቤት አከራዬ ነበሩ።

መካነ ሰላም አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ያኔ አፌ ከእግሬ የሚቀድም ልጅ ነበርኩ። ቤት ፍለጋ ብዞር ለላጤ ሴት አከራይቶ ነገር መግዛት የሚፈልግ ሰው ጠፋ። አያ ይመር በረንዳቸው ላይ ቆዳ እየሰፉ ነበር። ሰም የተቀባውን ክር በጥርሳቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና፣ "ዘሐራ፣ ኮርቻ የማትቀበል በቅሎ መጥታለች፤ የጓዳውን ቤት አሳዪያት" አሉ። በዚያው ገባሁ። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሳቸው አያቴ የሚሆኑ ሽማግሌ፣ እኔ ገና ጡት የጣልኩ አስተማሪ፤ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ እንግድነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ጾሜን ስይዝ ባለቤታቸው እቴ ዘሐራ የሹሮ ድስቴን ከቅቤ እጅ ይጠብቁልኝ ነበር፤ ረመዳን ሲገባ እኔ ውሃ የምጠጣው ጓዳዬ ገብቼ ነው።

የአያ ይመር ኮርቻ ዝናው እስከ ከላላና ወግዲ ይሰማ ነበር። የበቅሎ ጀርባ አይልጥም ይባልለታል። እሳቸው አጭር፣ ጆሮ ትልቅ፣ አንድ ዓይናቸውን በስፌት ብዛት ጨፈን ያደርጉ የነበሩ ሰው ናቸው። ንግግራቸው ቀልድ ይሁን ቁም ነገር የሚታወቀው በክሩ ነው፤ ክሩን በጥርሳቸው ይዘው የሚያወሩት ሁሉ ቀልድ ነው። ክሩን ካወጡት ግን ግቢው ዝም ይላል። እኔን ለማግባት አንድ የእህል ንግድ ሠራተኛ ሽማግሌ ሲልክ፣ ሽማግሌዎቹን በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ ክራቸውን እንደነከሱ፣ "ልጅቷን ልሰጣችሁ እችላለሁ፤ የምትነክስ መሆኗን ግን ነግሬያችኋለሁ" አሏቸው። ሰዎቹ ስቀው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ለሳምንት አኮረፍኳቸው።

ሰው የሚፈልጋቸው ግን ለኮርቻ ብቻ አልነበረም። አያ ይመር ሞራ ገላጭ ነበሩ። በግ ሲታረድ አንጀቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖ የሚገኘውን ስብ፣ ሞራውን፣ ያመጡላቸዋል። በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያነሡታል፤ የሥሩን አካሄድ፣ ቀዳዳውን፣ ጥላውን ያያሉ። ዝናቡን፣ ጋብቻውን፣ የታመመውን፣ ዘመቻ የሄደውን ይጠየቃሉ። ክርስቲያኑም ይመጣል። በክርስቲያን እጅ የታረደውን ሥጋ አይበሉም፤ ሞራውን ግን ያዩታል። "ሞራ ሃይማኖት የለውም" ይሉ ነበር።

እኔ በዚህ አላምንም። ያኔም አላምንም ነበር፤ በየሳምንቱ በውይይት ክበብ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ስናጠና የምውል ሰው ነበርኩ። የውይይቱ መሪ ካድሬያችን አያ ይመርን በሕዝብ ስብሰባ ላይ አስቆሞ፣ "ጓድ ይመር፣ በስብ ሕዝብ ማታለልዎን ያቁሙ" ብሏቸው ያውቃል። ለፋሲካ ያው ካድሬ የበጉን ሞራ በጋዜጣ ጠቅልሎ በካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ በጓሮ በር ገባ። ውጭ አገር ለትምህርት ይልኩት እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው። አያ ይመር ሞራውን ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩት። "ማሻ አላህ" አሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እንደያዙ፣ "ጓድ፣ በጉን ጥሩ አድርገው ነው የገዙት። ስቡ ወፍራም ነው።" ሌላ ነገር አልወጣቸውም።

አንድ ቀን ከወግዲ በኩል አንድ ገበሬ መጣ። ገና ጎልማሳ ነው፤ ግን ፊቱ አመድ መስሏል፣ በየመሃሉ በጋቢው ጫፍ አፉን ይዞ ያስላል። ሞራውን ሰጣቸው። አያ ይመር አገላብጠው አዩትና፣ "ገና አልጠራም። አንተ አትጨነቅ። ከመኸር በኋላ ሌላ በግ ይዘህ ና፣ እንደገና እናየዋለን" አሉት። ሰውየው ፊቱ በራ። ለሚመጣው ዓመት ያዘጋጀውን የስንዴ ዘር እያወራላቸው፣ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ከበሩ እንደወጣ አያ ይመር ክሩን ከአፋቸው አወጡ።

"አይከርምም" አሉ።

"ታዲያ ከመኸር በኋላ ና አላሉትም?"

"አልኩት።"

"ለምን ዋሹት?"

"ውሸት አይደለም፣ የሻረግ። ሞት የታየበትን ሰው ሞት ታይቶብሃል አይሉትም። ቀጠሮ ይሰጡታል። ቀጠሮ ያለው ሰው ይዘራል፤ ልጆቹን ይቆጣል፤ ሚስቱ ጎን ይተኛል። ቀጠሮ የሌለው ሰው በቁሙ ይቀበራል። አባቴም እንዲህ ነው ያስተማረኝ፣ አባቱም ለሱ።"

"ገላጮች ሁሉ እንዲህ ናቸው?"

"ገላጭ ከሆነ። ሥራውን በቅጡ ያልተማረ ነው ሞት የሚናገር።"

ገበሬው በዚያው ክረምት ሞተ። እንኳን ሞራ የሚያይ፣ ሳሉን የሰማ ሁሉ ሊተነብየው የሚችል ሞት ነው ብዬ ተከራከርኳቸው። እሳቸው ግን ለሟቹ ሚስት ስንዴውን የሚዘራላት ሰው ፈልገው ላኩላት። አያ ይመር እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ለዚህም ነው እስካሁን ሳስባቸው መናደዴንና መውደዴን መለየት የሚያቅተኝ።

የሳቸው ነገር የጀመረው በልጃቸው በፋጡማ ነው። ፋጡማ ደሴ ሆስፒታል ስትወልድ ደም ፈሰሳትና ደም የሚሰጥ ዘመድ ተፈለገ። አያ ይመር እጅጌያቸውን ጠቅልለው የመጀመሪያው ሆነው ገቡ። ደማቸው ሲመረመር ግን አይሆንም ተባሉ፤ የጉበት በሽታ አለበት። ደሙን ሌሎች ሰጡ፤ ፋጡማም ሕፃኑም ተረፉ። አያ ይመር ግን ደማቸው ለልጃቸው አለመሆኑ አንገበገባቸው። በልጅነታቸው የወፍ በሽታ ይዟቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ክንዳቸውን በእሳት ተተኩሰው ድነዋል። ታላቅ ወንድማቸው ግን በጎልማሳነቱ ሆዱ ተነፍቶ ነው የሞተው። የደሴው ሐኪም ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ አዲስ አበባ በአልትራሳውንድ የሚያይ ሐኪም አለና ይሂዱ ብሎ ጻፈላቸው።

ለየካቲት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬያቸው ሄድኩ። ፋጡማ አራስ ናት፤ እቴ ዘሐራ እሷን ያርሳሉ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ወስደን፣ በጭነት መኪና በአቀስታ በኩል ደሴ ወርደን፣ ከዚያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። መንገዱን ሁሉ ሲቀልዱ ነበር። ኬላ ላይ ወታደሩ "የጉዞው ምክንያት?" ሲላቸው፣ "ሆዴን ሊያዩልኝ ነው፤ አንተም ከፈለግህ እይልኝ" ብለው ጋቢያቸውን ሊገልጡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ጸጉሩ ሳይበጠር የመጣ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው። አልጋ ላይ አስተኝቷቸው ሆዳቸውን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባና መሣሪያውን ያንሸራትት ጀመር። መስኮት በምታክል መስተዋት ላይ ግራጫ ነገር ይንቀሳቀሳል። አያ ይመር አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩና ሳቁ።

"ይሄማ ሞራ ነው" አሉ። "ሳያርዱ ሞራ ማየት ተጀመረ? ያ ረቢ።"

ሐኪሙም ሳቀ። ከዚያ እጁ አንድ ቦታ ቆመ። አለፈ፤ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ተመለሰ። እኔ መስተዋቱን ነበር የማየው። አያ ይመር ግን መስተዋቱን ትተው የሐኪሙን ፊት ነበር የሚያዩት።

ሲጨርስ አስቀመጣቸውና፣ መቼም ይመስገንና፣ እንደ አዋቂ ሰው አስረዳቸው። "አያ ይመር፣ የወፍ በሽታው ድኖ የወጣ መስሎዎት ነው እንጂ አልወጣም። ከልጅነትዎ ጀምሮ ጉበትዎ ውስጥ ተቀምጧል። እሱ ቀስ እያለ ያቆስላል፣ ጉበትዎ ይጠግናል። በጠገነ ቁጥር ጠባሳ ይቀራል። አሁን በቀኝ በኩል አንዲት እብጠት አየሁ፤ ባቄላ ብታክል ነው።"

"ምንድን ናት?"

"እሱን ገና አላውቅም። እንዲህ ጠባሳ በያዘ ጉበት ላይ የሚታይ እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ጉበቱ ራሱን ሲጠግን የሚቋጥረው አለ፤ እሱ አይገድልም። የደም ሥር ተጠቅልሎ እብጠት የሚመስል አለ፤ እሱም አይገድልም። ክፉው ዕጢም አለ፤ አልደብቅዎትም። መሣሪያው ጥላዋን ያሳየኛል እንጂ ስሟን አይነግረኝም።"

"ስሟን ማን ይነግርሃል ልጄ?"

"ጊዜ ይነግረኛል። ከሦስት ወር በኋላ ይምጡና እንደገና አያታለሁ። ካላደገች ጥሩ ነው። ካደገች ገና ትንሽ ሳለች ቆርጠን እናወጣታለን፤ በደንብ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም አለን። በመርፌ ወግቼ ልመርምራት ብል ሊደማ ይችላል፤ ለዚህች መጠን አልቸኩልም።"

አያ ይመር ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። ከዚያ "ገና አልጠራም በለኛ" አሉ።

"አዎ፣ ገና አልጠራም" አለ ሐኪሙ። "ግን አይጨነቁ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እናየዋለን።"

በዚያች ሰዓት የሆነው ነገር አልገባኝም፤ ማንም ቢሆን አይገባውም ነበር። ከክፍሉ ወጥተን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሳስቀምጣቸው ነርሷ ጠራችኝና፣ "ዶክተሩ አንቺን ብቻ ይፈልግሻል" አለችኝ። ገባሁ። ሐኪሙ ይህን መሣሪያ የሚይዘው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ መሆኑን፣ ሰው ከሩቅ መጥቶ እንዳይጉላላ በሌላ ቀን እንዳንመጣ ነገረኝ። ይኸው ነው። አመስግኜ ወጣሁ። አያ ይመር ከአግዳሚው ላይ ፊቴን ያዩ ነበር።

"ምን አለሽ?"

"ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የማየው፣ በሌላ ቀን እንዳትመጡ አለኝ።"

"እህ" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። በአገራችን ሐኪም ዘመድን ለብቻው መልሶ የሚጠራው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ደሴ እስክንደርስ አልቀለዱም፤ ድካም ነው ብዬ ነበር።

መካነ ሰላም እንደተመለስን አዲስ የኮርቻ ትእዛዝ መቀበል አቆሙ። የተጀመሩትን ብቻ መጨረስ ያዙ። ሁለቱን በቅሎዎቻቸውን ለአማቻቸው ሰጡ። ከዚያ በየቤቱ እየዞሩ "አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" ማለት ጀመሩ፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ ካድሬውን ሳይቀር። ካድሬው ግራ ገብቶት፣ "ጓድ ይመር፣ ምን በደሉኝ?" ሲላቸው፣ "የበግህን ሞራ ሳልነግርህ አልፌያለሁ፤ አፉ በለኝ" አሉት። ሰውየው ምን እንደታየበት ሳያውቅ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አጣ። እዚህ ላይ እንኳ መሳቄ አልቀረም።

ግንቦት ሲደርስ ለመንገድ ይዘጋጁ አልኳቸው። "ኢንሻ አላህ" አሉኝ። ሳምንት አለፈ። እንደገና አልኳቸው፤ ኢንሻ አላህ። በሦስተኛው ንዴቴ መጣና በረንዳው ላይ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም አልኳቸው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ተብሏል አልኳቸው፤ ተረት የቀረኝ አልነበረም። ያኔ ክሩን ከአፋቸው አወጡ።

"የሻረግ፣ ቁጭ በይ። በዚህ ቃል ስንት ሰው ሸኝቻለሁ መሰለሽ? ገና አልጠራም፣ አትጨነቅ፣ እንደገና እናየዋለን። ልጁ አንዲት ቃል አላጎደለም። ደግ ልጅ ነው፤ አስተማሪ አግኝቷል። አንቺንም ለብቻሽ ጠርቶ ነገረሽ።"

የማውቀውን ቃል ሁሉ አወጣሁ። ሐኪም እንደ ሞራ ገላጭ አይደለም፤ ሐኪሙ ያለው የእውነቱን ነው፤ ለብቻዬ የጠራኝ ስለ ማክሰኞ ሊነግረኝ ብቻ ነው አልኳቸው። ክፉው ዕጢም አለ ብሎ እኮ ፊት ለፊት ነግሮዎታል፣ የሚደብቅ ሰው እንዲህ ይላል? አልኳቸው። "እባቡን ከሁለት ገመድ ጋር ቀላቅሎ ነገረኝ" አሉ፤ "ብልህ የሆነ እንዲያ ነው የሚነግረው።" በማርያም ማልኩላቸው። በእናቴ ማልኩላቸው። አያ ይመር እጃቸውን ዘርግተው ጭንቅላቴን ዳበሱ።

"አብሽሪ" አሉኝ። "አንቺም ደግ ሰው ነሽ።"

ይኸውላችሁ፣ ሰውየው የገቡበት ጉድጓድ ይህ ነበር። ባስረዳኋቸው ቁጥር ደግነቴ ይታያቸዋል፤ በማልኩ ቁጥር ሞታቸው ይጠራላቸዋል። ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬ ያው ምስክር ነው። ደግ ሰው ሁሉ ለሚሞት ሰው ይዋሻል ብሎ የሚያምንን ሰው፣ የሚወደው ሰው እውነት ሊነግረው አይችልም።

እቴ ዘሐራ ተስፋ አልቆረጡም። ከላላ አንድ የታወቀ ሞራ ገላጭ አለ፤ ሥራውን የተማረውም ከአያ ይመር ነው። እሱን የአማቻቸውን በቅሎ ልከው አስመጡት፤ ገላጭ የራሱን ሞራ አያይምና። በግ ታረደ። ሰውየው ሞራውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ ብዙ አዟዙሮ አየና፣ "አያ ይመር፣ መዳን አለዎት። መንገዱ ክፍት ነው፤ ወሏሂ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ" አላቸው። እቴ ዘሐራ እልል ሊሉ ነበር። አያ ይመር ከት ብለው ሳቁ። "ጎሽ፣ ተማሪዬ" አሉት፤ "አላሳፈርከኝም።" ያ ሰው ያየውን እንደተናገረ ይሁን ወይም እንደተማረው ይሁን አላውቅም። አጥሩ ጥግ ሄዶ ሲያለቅስ ግን አይቼዋለሁ።

ክረምቱን ሙሉ ስለምናቸው ከረምኩ። አንድ ቀን በቁጣ፣ "ቀጠሮ ያለው ሰው ይዘራል ብለውኝ አልነበረም? የርስዎ ዘር የታለ?" አልኳቸው። ክራቸውን ሰም መቀባት ቀጠሉ። እቴ ዘሐራ ጓዳ ውስጥ ነበሩ፤ ሰምተውኝ ኖሮ ማታ መጥተው፣ "አትቆጪያቸው ልጄ፤ እኔም በየሌሊቱ እየለመንኳቸው ነው" አሉኝ። መስከረም ላይ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። ስሰናበታቸው ጤነኛ ነበሩ፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ይበሉ ነበር፣ ይስቁ ነበር፣ ለመንገዴ ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ሰፍተው ሰጥተውኛል። "አፉ በይኝ" አሉኝ። "አልልም፤ ሐኪም ቤት ሲሄዱ እላለሁ" ብያቸው ወጣሁ።

ጥር ላይ እቴ ዘሐራና የፋጡማ ባል ደግፈዋቸው ደሴ መጡ። አላወቅኋቸውም። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ክንዳቸው ላይ የቀረው አጥንትና ያ የእሳት ጠባሳ ነው፤ ዓይናቸው አደይ አበባ መስሏል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ለመዳን አይደለም፤ ሆዳቸው የያዘው ውሃ እስትንፋስ ስለከለከላቸው እሱን ያፈስሱላቸው ዘንድ ነው። አብሬያቸው ሄድኩ። ማክሰኞ ነበር።

ሐኪሙ ወዲያው ለያቸው። መሣሪያውን አስቀምጦ ብዙም አላንሸራተተም፤ ለኔ እንኳ ታየኝ። ያቺ ባቄላ የጉበታቸውን ግማሽ ይዛ ነበር። አማቻቸው ልብሳቸውን ሲያለብሷቸው ሐኪሙ ወደ ጠረጴዛው ወስዶኝ በዝግታ ተናገረ፤ ግን ድምፁ ቁጣ ነበረው። "ለምን ቀሩ? ሦስት ወር ብዬ አልነበረም? ያኔ ቢመጡ ቆርጠን የምናወጣት ነበረች። ያን ያህል ትንሽ ሆና የምትገኝ ስንት ናት?"

ነገርኩት። ስለ ሞራው፣ ስለ ቀጠሮው፣ ለሚሞት ሰው ስለሚባለው ቃል፣ እሱም ያንኑ ቃል በቃል እንደተናገረ፣ እኔን ለብቻዬ እንደጠራኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪሙ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን አየ።

"ዶክተር" አሉ አያ ይመር ከአልጋው ላይ። ድምፃቸው ሰልሏል። "ወዲህ ና ልጄ።"

ሄዶ አጠገባቸው ቆመ። እኔም ተከተልኩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዛሬ አትሸሽገኝ። ያኔ ከሦስት ወር በኋላ ና ስትለኝ፣ የእውነትህን ነበር? ይቺ ልጅ የእውነቱን ነው እያለች ስትምልልኝ ከረመች። እሷ እውነት ከሆነች፣ እኔ በገዛ እጄ ነው የሞትኩት። ዘሐራንም በገዛ እጄ ነው ያስለቀስኳት።"

እቴ ዘሐራ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሐኪሙ ወደኔ አየ። ያ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ።

"አይደለም፣ አያ ይመር" አላቸው። "ያኔም ያለቀ ነገር ነበር። ቢመጡም ምንም አላደርግልዎትም ነበር። ቀጠሮ የሰጠሁዎት እንዲሁ ነው፤ ቤትዎ በሰላም እንዲሰነብቱ ብዬ።"

አያ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓመት ሙሉ ያላየሁት ነገር ፊታቸው ላይ መጣ፤ ያ በረንዳ ላይ የማውቀው፣ የቀልደኛው ሰው ፊት።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "አብሽር ልጄ፣ አታልቅስ። ደግ ነው ያደረግከው፤ እኔም እንዲያ ነው የማደርገው።" ከዚያ አንገታቸውን ወደኔ አዞሩ። "የሻረግ፣ አየሽ? አንቺ በማርያም ስትምይ፣ እኔ ልክ ነበርኩ።"

ሐኪሙ መሬት መሬቱን ያያል። እቴ ዘሐራ የኔን አፍ ይጠብቃሉ።

"ልክ ነበሩ፣ አያ ይመር" አልኳቸው።